ለቆራሌ የተሰጠው ዲስክ

«አንድ ሰው ነበረ፤ ሚስቱን በደላት» አለች ወይዘሮ ትርንጎ፣ መነጽሯን ወደ ግንባሯ እየሰቀለች። «ሚስቱን ብቻ ቢበድል ደግ ነበር። መልኳን እንኳ አይቶ የማያውቃትን ሴት ጨምሮ በደለ። ደግሞ ክፉ ሰው እንዳይመስልህ፤ ሲበድል ደስ ብሎት እያፏጨ ነው።»

ይህን የምትነግረው ለጎረቤቷ ለይርዳው ነው። ይርዳው መምህር ነው። አምና አብራው የምታስተምርን አንዲት ሴት «የፈተና መልስ ትሸጣለች» ብሎ ያላየውን አወራ፤ ወሬው ዞሮ ዳይሬክተሩ ጆሮ ገባና ሴትዮዋ ከሥራ ወጣች። ዘንድሮ ይርዳው ምላሱን ሰብስቧል። ይጾማል፣ ይጸልያል፣ ሰው ሲታማ ተነስቶ ይወጣል። ነገሩ ግን አልለቀው ብሎ ወደ ወይዘሮ ትርንጎ መጣና፣ «እትዬ፣ እኔ እንደሆንኩ ሌላ ሰው ሆኛለሁ። ያለፈውን ሄጄ መቀስቀስ ግድ ነው?» ሲል ጠየቃት። እሷም በመልስ ፈንታ ይህን ነገር ጀመረችለት።

የሰውየው ሚስት ከፍርድ ቤት በር ፊት ለፊት ጃንጥላ ዘርግታ ማመልከቻ የምትጽፍ ነበረች። ላፕቶፗ አርጅቷል። ሲነሳ ውስጡ እንደ ወፍጮ ይንኳኳል፤ ባለጉዳዩ አልቅሶ፣ ተናፍጦ፣ ታሪኩን ሁለቴ ተርኮ ሲጨርስ እሱ ገና እየተከፈተ ነው። «ይሄም እንደ ዳኛው ቀጠሮ ይሰጣል?» እያሉ ይቀልዱበት ነበር።

አንድ ሰሞን ሚስቲቱ ለለቅሶ አገር ቤት ወረደች። ሰውየው፣ እስክትመለስ ላስደስታት ብሎ ላፕቶፑን ጠጋኝ ዘንድ ወሰደው። ጠጋኙ ፈታና አየው።

«ወንድሜ፣ ላፕቶፑ ደህና ነው፤ ያረጀው ዲስኩ ነው። ይሄ እየተሽከረከረ የሚሠራ ነው። አሁን ኤስ ኤስ ዲ የሚባል አለ፤ ውስጡ የሚዞር ነገር የለውም። ዓይንህን ጨፍነህ ሳትገልጥ ይከፍትልሃል» አለው።

ያለውን ሁሉ ወደ አዲሱ ገለበጠለት፤ አዲሱን ገጠመለት። አሮጌውን በላስቲክ ጠቅልሎ «ይህን አስቀምጠው» ብሎ እጁ ላይ አኖረለት።

ሰውየው ያችን መዳፍ የምታህል ብረት እያገላበጠ አያት። ለምን እንደሚያስቀምጣት አልገባውም። ሰው ቤት ሲለቅ ዕቃው ተጭኖ ከሄደ የሚቀረው ባዶ ግድግዳ ነው፤ ባዶ ግድግዳ ማን ይጠብቃል? በማግስቱ ጠዋት «ቆራሌው!» የሚል ድምፅ በአጥሩ ሥር ሲያልፍ ጠራውና ከዛገ ምድጃና ከተቀደደ ባልዲ ጋር ጆንያው ውስጥ ጨመረለት። እያፏጨ ወደ ቤቱ ገባ።

ሚስቲቱ ተመልሳ ላፕቶፑን ብትነካው ገና ቁጭ ሳትል ተከፈተ። ሳቀች።

«እሰይ የኔ ጌታ! ምን አድርገህልኝ ነው?»

ነገራት። እሷም እንደሳቀች «አሮጌውስ የታለ?» አለችው።

«ለቆራሌ ሰጠሁት። ባዶ እኮ ነው፤ የነበረው ሁሉ ወደዚህ ተዛውሯል።»

ሳቋ ፊቷ ላይ ደረቀ።

«ፎቶ ኮፒ አስደርገህ ታውቃለህ?»

«አዎ።»

«ኮፒውን ሲሰጡህ ዋናው ነጭ ወረቀት ሆኖ ይመለስልሃል?»

ሰውየው መጀመሪያ አልገባውም። ቆይቶ ገባው። ሚስቱ የሰው ገመና የምትጽፍ ሴት ናት። በዚያች ብረት ላይ የአሥራ አንድ ዓመት ማመልከቻ አለ፤ ማን ማንን እንደደበደበ፣ ማን በማን ላይ እንደመሰከረ፣ የማን ልጅ የማን እንደሆነ። ከሁሉም በላይ ግን የአንዲት ሴት ጉዳይ አለ። ባሏ ሁለቴ ገጀራ አንስቶባት ያመለጠች፣ ልጇን ይዛ የተሸሸገች ሴት። ጥበቃ እንዲደረግላት ማመልከቻ የጻፈችላት የሰውየው ሚስት ናት፤ ከስሟ ሥር የተሸሸገችበት ሰፈርና የቤት ቁጥር ሰፍሯል። ያ ባለ ገጀራ ደግሞ ዛሬም ድረስ እየፈለጋት ነው። ጸሐፊዎቹ ጃንጥላ ሥር ድረስ እየመጣ «የት ናት?» ይላል፣ ቀስ ብሎ፣ እንደ ጨዋ ሰው።

ሰውየው ጫማውን በወጉ ሳያጠልቅ ወጣ። ከየመንደሩ «ቆራሌው!» በተባለ ቁጥር ልቡ ትዘላለች። አንዱን ሮጦ ሲደርስበት ሌላ ሰው ነው። ሁለተኛውም ሌላ ነው። ሦስተኛው «ጋሼ፣ ብረት ከሆነ አሮጌ ዕቃ ተራ ወርዷል» አለው። ወረደ። ነጋዴው ወደ አንድ ክምር ጠቆመው፤ ሁሉም መዳፍ የሚያህሉ፣ ሁሉም አንድ መልክ።

«ከነዚህ አንዱ ይሆናል። ካልሆነም ተሽጧል፤ ሰው ሲመርጥ ነው የሰነበተው።»

«እነማን ናቸው የመረጡት?»

ነጋዴው ሳቀበት። «ገዢ መታወቂያ አሳይቶ ይገዛል እንዴ?»

የእሱ የትኛው እንደነበር እንኳ አላወቀውም፤ ክምሩን ሁሉ ቢገዛም ቀድሞ አለመሸጡን የሚነግረው የለም። ቀና ብሎ ገበያውን ቢያይ፣ ጎንበስ ብሎ ዕቃ የሚመርጠው ወንድ ሁሉ ያ ባለ ገጀራ መሰለው።

ባዶ እጁን ሲመለስ ሚስቱ ነጠላዋን ለብሳ በር ላይ ቆማለች። «እንሂድ፤ እንነግራታለን» አለችው።

«ምናልባት ማንም አይከፍተው ይሆናል» አለ ሰውየው። «በከንቱ እናስደነግጣታለን። አንቺንስ ከእንግዲህ ማን ያምንሻል? ዝም ብንልስ?»

«እሺ፣ ዝም እንበል። በሯ ሲንኳኳ ግን እኔ መስዬያት ትከፍታለች።»

ሰውየው ከዚያ በኋላ አልተከራከረም። ሄዱ። በሩን ያንኳኳው እሱ ነው። ውስጥ የሕፃን ድምፅ ይሰማ ነበር፤ ሲያንኳኳ ጸጥ አለ። አንድ ሰው ትንፋሹን ይዞ ከበሩ ወዲያ እንደቆመ ታወቀው፤ እንዲህ ያለ ፍርሃት እስከዚያ ቀን አያውቅም ነበር። ሚስቱ ሴትዮዋን በስሟ ጠርታ በሩ ሲከፈት ሰውየው አንድም ሳይሸሽግ ሁሉንም ነገራት። ሴትዮዋ አልረገመችውም፤ አላለቀሰችም።

«መቼ ነው የሰጠኸው?» አለችው።

«የዛሬ አራት ቀን።»

«አራት ቀን» አለች ሴትዮዋ። «ትናንት መስኮቱን ከፍቼ ነው ያደርኩት።»

ወዲያው ልጇን አዘለች። ሰውየው ጓዟን ተሸክሞ፣ በየመታጠፊያው ወደ ኋላው እየተገላመጠ፣ ወደ ሌላ ሰፈር አደረሳት።

ወይዘሮ ትርንጎ ነገሯን እዚህ ላይ አቆመች። ይርዳው ጠየቃት።

«ዲስኩስ ተገኘ፣ እትዬ?»

«አልተገኘም። የት እንዳለ እስከ ዛሬ አይታወቅም። ሴትዮዋ ግን የሚመጣባትን አውቃ ተቀመጠች።»

ከዚያ ወደ እሱ ዞረች።

«አንተም ያ ሰውዬ ነህ፣ ይርዳው። አዲስ ልብ ገጥመሃል፤ እሰይ፣ ይበርታልህ። ያወራኸው ወሬ ግን አንተ ስለተለወጥክ አልጠፋም። ከአንተ ወጥቶ በሰው ጆንያ ይዞራል። ያቺ ሴት ሥራ በጠየቀችበት ሁሉ ፊት ሲነሷት ከየት እንደመጣባት አታውቅም። እሱን ለቅመህ አትጨርሰውም፤ እንደማትጨርሰው እወቅ። ግን ሄደህ "ከእኔ ነው የወጣው" በላት። ከዚያ ዳይሬክተሩ ቢሮ ግባና የተናገርከው ውሸት እንደሆነ እሷ ባለችበት ተናገር። ሌላ ሰው ከሆንክ፣ ይህን የሚያደርገው ያ ሌላው ሰው ነው።»

ይርዳው ለመሄድ ብድግ ብሎ መልሶ ተቀመጠ። እጆቹን ጉልበቶቹ መካከል ቀበራቸው።

«ሰው ፊት ብትሰድበኝስ፣ እትዬ?»

«ትስደብሃ! አንተ ስለ እሷ ያወራኸው ውሸት ነበር፤ እሷ ስለ አንተ የምትለው ግን እውነት ነው።»