የመካኒኩ ድንጋይ

ደሴ ውስጥ መፍታት የማይቸግረው፣ መግጠም ግን የሚያቅተው አንድ መካኒክ ነበር፤ ይህንንም ከማንም ቀድሞ የሚናገረው ራሱ ነው። ቀኛዝማች አስራደ ወደ ኮምቦልቻ ሊወርዱ ሲሉ የመኪናቸው ፍሬን ሲጢጥ እያለ ቢያስቸግራቸው ወደ እሱ ጎራ አሉ። ጎማውን ፈቶ አየና፣ «ጌታዬ፣ የፍሬኑ ሸራ አልቆ ብረት ከብረት እየተፋጨ ነው። በዚህ ቁልቁለቱን አይውረዱ» አላቸው።

ቀኛዝማች ደጁ ላይ ጎማዋ ሥር ድንጋይ የተደረገላትን የመካኒኩን አሮጌ መኪና አይተው ሳቁ። «የገዛ መኪናውን በድንጋይ የሚያቆም ሰው ነው ስለ ፍሬን የሚነግረኝ? ጩኸቱን ብቻ አጥፋልኝ፣ ልሂድበት!»

መካኒኩ አንገቱን ደፋ። «እውነትዎን ነው ጌታዬ። የእኔዋ እኔ ከጠገንኳት ወዲህ ሄዳ ስለማታውቅ ድንጋይ ይበቃታል። የእርስዎ ግን ትሄዳለች። ድንጋዩንስ ላውስዎት፤ ቁልቁለቱ መሃል ማን ወርዶ ጎማው ሥር ያስቀምጥልዎታል?»