ከበሮ መቺውና የጋቢው ሌላኛው ጫፍ

አንድ ሐሙስ ነበር፤ የስንሻው ሕይወት የተበላሸው በዚያ ሐሙስ ነው። ከዚያ ቀን በፊት ሰዎች ሲያዩት ከመቀመጫቸው ይነሱለት ነበር። ከዚያ ቀን በኋላ ግን ስሙን ሲያነሱ ድምፃቸውን ዝቅ ማድረግ ለመዱ።

ስንሻው በአንድ ንጉሥ ከተማ የአገሩ ከበሮ መቺ ነበር። በዚያ አገር ትልቁ ከበሮ እንዲሁ አይመታም። የሚመታው ዝናብ ሲጥል፣ ሩቅ የሄደ ሰው በሰላም ሲመለስ፣ ሙሽራ ከአባቷ ቤት ስትወጣና ይህን የመሰለ መልካም ነገር ሲሆን ብቻ ነው። ሕዝቡም ድምፁን ሲሰማ ሥራውን ትቶ ይወጣል፤ ከበሮው ዋሽቶ አያውቅምና። ሙሽራ ከበሮው ሳይመታላት ከደጃፍ አትወጣም፤ ሳይመታላት የወጣች እንደሆነ «አባቷ የጣላት» ትባላለች።

የንጉሡ ልጅ ሲያገባ ድግሱ ረዘመ። ስንሻው ያለ ዕረፍት መታ። ሐሙስ ዕለት ጉም ወርዶ የከበሮው ቆዳ ረገበ፤ የስንሻውም ክንድ ዛለ። የግቢው አዛዥ ድንበሩ እየተቆጣ መጣ።

«ምነው ይህ ከበሮ አኮረፈ?»

«እርጥበት ገብቶት ነው፣ ጌታዬ። ፀሐይ እስክትወጣ ይታገሡኝ።»

«ፀሐይ እንድትወጣ ደጅ ልጥና? እሳት ላይ አሙቀው እንጂ!»

«ከበሮ በፀሐይ ነው የሚሞቅ፣ ጌታዬ። እሳት ወዲያው ያስጮኸዋል፤ ግን ቆዳውን ይበላዋል።»

«እንግዳ ቆሞ ስለ ቆዳ ታስተምረኛለህ?»

ስንሻው ከበሮውን እሳት ዳር አስጠጋ። ከበሮው ጮኸ። አዛዡ ሳቀና ከወገቡ ትንሽ ከረጢት ፈታ። ጥቁር ዱቄት ነበረበት፤ አንድ የሩቅ አገር ነጋዴ ለግቢው ያመጣው። «በል፣ አሁን ደግሞ ክንድህን እናሙቀው» አለና በስንሻው መዳፍ ላይ አፈሰሰ።

«ምንድን ነው፣ ጌታዬ?»

«መድኃኒት ነው። ወንድ አይደለህም? ላሰው።»

ላሰ። የንጉሥ አዛዥ በመዳፍህ ላይ ያፈሰሰውን በእንግዳ ፊት አራግፈህ አትጥልም።

በዚያ ቀን ስንሻው ከዚያ በፊት ማንም መትቶት በማያውቅ ስልት መታ። ድካሙ ጠፋ። ደረቱ ውስጥ የዓለም ዝናብ ሁሉ ባንድ ጊዜ የጣለ፣ የሄደ ሰው ሁሉ ባንድ ጊዜ የተመለሰ መሰለው። ንጉሡ ካባ አለበሰው። ሁሉም «እሰይ ስንሻው!» አለ። ምስጋናው የዱቄቱ እንደነበረ ያወቁት ሁለት ሰዎች ብቻ ናቸው።

ድግሱ አለቀ፤ ስንሻው ወደ ቤቱ ገባ። ሚስቱ አንጓች የሚወደውን በሶ በማር ለውሳ አቀረበችለት። አፈር አፈር አለው። በሳምንቱ የመጀመሪያው ዝናብ ጣለ፤ ሰው ሁሉ እየጨፈረ ወጣ። ስንሻውም ከበሮውን መታ። እጁ መታ እንጂ ደረቱ ዝም አለ። ወደ ግቢ ሄዶ አዛዡን ለመነ። አዛዡም «አንተ ደግሞ! ለመድካት እንዴ?» ብሎ ቀለደበትና ትንሽ ሰጠው። እንዲህ ጥቂት ጊዜ ሆነ። በኋላ ግን አዛዡ ሰለቸውና «ከእንግዲህ እዚህ እንዳላይህ፤ ነጋዴውን ሂድና ጠይቀው» አለው። ካባው ነጋዴው ቤት ቀረ። ከካባው በኋላ ብዙ ነገር ነጋዴው ቤት ቀረ።

ስንሻው አንዲት ልጅ ነበረችው፤ የውብዳር ትባላለች። ገና ጉልበቱ ላይ የምትቀመጥ ሳለች፣ «ስትዳሪ፣ ይህ ከበሮ ለልዕልት እንኳ ያልጮኸውን ያህል ይጮኽልሻል» ብሎ ቃል ገብቶላት ነበር። የሠርጓ ቀን ሲቆረጥ ስንሻው ከቤተ ክርስቲያኑ በር ተደፍቶ ማለ፤ ዱቄቱን ተወ። የምሩን ተወ። ሰውነቱ ተንቀጠቀጠ፣ እንቅልፍ ከዳው፣ አንጓች በብርድ ልብስ ላይ ብርድ ልብስ ደረበችለት። ከሁሉ የባሰበት ግን ይህ አልነበረም። የነጋዴው በቅሎ በመንገዱ ስታልፍ የአንገቷ ቃጭል ይሰማል፤ ያን ጊዜ አፉ ምራቅ ይሞላል፤ እግሩ ሳያዘው ይነሣል። ምሰሶውን አቅፎ ይቆማል።

«ምሰሶውን ልቀቀው እንጂ፤ ቤቱ ሊወድቅ ነው» ትለዋለች አንጓች፣ ልታስቀው።

«እኔ እንዳልወድቅ ነው የያዝኩት» ይላታል። ሁለቱም ይስቃሉ።

የሠርጉ ቀን ደረሰ። ስንሻው ንጹሕ ሆኖ ከከበሮው ኋላ ተቀመጠ። የውብዳር ተኳኩላና አጊጣ ብቅ አለች፤ ሴቶቹ እልል አሉ። ስንሻው ልጁን ቀና ብሎ አያት። ምንም አልተሰማውም። ግድግዳ እንደሚያይ አያት። በዓለም ላይ ከማንም አስበልጦ የሚወዳት ልጁ በፊቱ ቆማለች፤ ደረቱ ግን ባዶ ገረወይና ሆኖበታል። ፈራ። «በዚህ ልብ ልመታላት አይገባም» አለ በሐሳቡ። «አንዲት ብቻ ልላስ። ልደሰትላት እንጂ ለሌላ አይደለም።» ሰይጣንም ከዚህ የተሻለ ምክንያት አያገኝም።

በጓሮ ወጣ።

ሙሽራዋ ደጃፍ ላይ ቆመች፤ ከበሮው አልተመታም። የሙሽራው ሽማግሌዎች መጀመሪያ ተሳሳቁ፣ ቀጥሎ ተያዩ፣ ቀጥሎ ጋቢያቸውን ሰብስበው ተነሡ። «የገዛ አባቷ ካልመታላት እኛ ምን አገባን? መንገዱ ይመሽብናል» አሉ። እልልታው ቆመ። የውብዳር ፊቷን በዓይነ ርግቧ ሸፍና በበቅሎ ላይ ወጣች። በዚያ አገር ሰው ሲቀበር እንኳ እንዲያ ጸጥ ብሎ አያውቅም።

ስንሻው ዓይኑ እያበራ፣ ደረቱ በደስታ ተሞልቶ ተመለሰ። ከበሮውን አንሥቶ በባዶው የቤቱ ግቢ ውስጥ እየሣቀ መታ። አንጓች መጥታ የከበሮውን መምቻ ዱላ ከእጁ እስክትወስድበት ድረስ ልጁ መሄዷን አላወቀም።

ነገሩ ከንጉሡ ዳኛ ዘንድ ደረሰ፤ የአገሩ ከበሮ ተዋርዷልና። የግቢው ተጠሪ ስለሆነ ከሳሹ አዛዥ ድንበሩ ነበር። በዚያ አገር ሕግ ከሳሽና ተከሳሽ የጋቢያቸውን ጫፍና ጫፍ ቋጥረው ቁራኛ ሆነው ይቀርባሉ፤ እውነቱ እስኪለይ አንዱ ከሌላው አይርቅም። አገልጋዩ የስንሻውን ጋቢ ይዞ ወደ አዛዡ ሲሄድ አዛዡ አፍንጫውን ያዘ።

«ከዚህ ሱሰኛ ጋር ነው የምቋጠረው? ተወው፣ ብቻውን ይቁም። የት ይሄዳል?»

ዳኛው በእሺታ ራሱን ነቀነቀ። ለባለሥልጣን ሕግ ሁልጊዜ ይረግባል። ስንሻው የጋቢውን ጫፍ በእጁ እንደያዘ ብቻውን ቆመ።

«ስንሻው፣ ለምን አትተወውም?» አለ ዳኛው። «እጅህ የራስህ፣ አፍህ የራስህ። ልጅህን እንኳ አትወድም?»

ስንሻው አንገቱን እንደደፋ ከበሮው እንዲመጣ ለመነ። መጣ።

«በጣትዎ ይምቱት፣ ጌታዬ።»

ዳኛው መታ። ከበሮው እንደ እርጥብ ግንድ ዱብ አለና ዝም አለ።

«ይህ ከበሮ ዱሮ የሕፃን ጣት ሲነካው ይዘምር ነበር» አለ ስንሻው። «በዚያ ሠርግ እሳት አስጠጋነው። ወዲያው ጮኸ፤ ሁላችንም ደስ አለን። ሲበርድ ግን ከበፊቱ ይልቅ ረገበ። ስለዚህ እንደገና አስጠጋነው፤ ትንሽ ቀረብ አድርገን። አሁን ጣት አይሰማውም፤ ዝናብም ቢመጣ፣ ሙሽራም ብትወጣ አይነቃም። የሚያውቀው እሳቱን ብቻ ነው። ቆዳው ክፉ ስለሆነ አይደለም፣ ጌታዬ፤ ተቃጥሎ ነው። የእኔም ራስ ውስጥ መልካሙን ነገር ‹መልካም ነው› ብሎ የሚመታ አንድ ከበሮ ነበረ። ዱቄቱ ያንን አቃጠለብኝ። ልጄን አልወድ ብዬ አይደለም። የምወድበት ነው ዝም ያለብኝ።»

«ታዲያ የተቃጠለ ቆዳ አይድንም?»

«ገና ካልተቀደደ ይድናል። ቅቤ ተቀብቶ፣ ጥላ ውስጥ ተቀምጦ፣ ጠፍሩ ቀስ እያለ ይጠብቃል። ረጅም ጊዜ ነው። በዚያ ሁሉ ጊዜ ከበሮው ዱዳ ነው። ሰው የሚሸነፈው እዚያ ላይ ነው፤ እሳቱ ቅርብ ነው፣ ዝምታው ረጅም ነው።»

«ስለዚህ ‹ጥፋት የለብኝም› ትላለህ?» አለ አዛዡ እያላገጠ።

ስንሻው ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና አለ። «አለብኝ። ወደ ነጋዴው የሄደው እግር የእኔ ነው። ልጄን ደጃፍ ላይ ያቆምኩት እኔ ነኝ፤ ይህን ማንም አይሸከምልኝም፤ እንዲሸከምልኝም አልለምንም። አንድ ነገር ብቻ እጠይቃለሁ። የመጀመሪያውን ዱቄት በመዳፌ ላይ ያፈሰሰው ሰው በዚህ ችሎት ውስጥ አለ። ያ ሰው የጋቢዬን ሌላኛውን ጫፍ ይያዝልኝ።»

አዛዡ የጣቱን ቀለበት ያዞር ጀመር። ዳኛው ጉሮሮውን ጠረገና «ያ ነገር በዚህ ክስ ውስጥ የለም» አለ። ፈረደም፤ ከበሮው ከስንሻው ተወስዶ ለሌላ መቺ እንዲሰጥ፣ ስንሻውም ወደ ግቢው እንዳይደርስ።

ስንሻው ጥላ ውስጥ ተቀመጠ። ተወ፤ ወደቀ፤ እንደገና ተወ። በወደቀ ቁጥር አገሩ «አላልኳችሁም?» ይላል። በተነሣ ቁጥር ግን ምንም የሚል አልነበረም። ከሰው የሚሸሸው ተጠልቶ ብቻ አይደለም፤ ፊቱን የት እንደሚያደርገው ጠፍቶት ነው። አንድ ቀን የውብዳር መጣች። ሲያያት ፊቱን በጋቢው ሸፈነ። እሷ ጋቢውን ገለጠችና አጠገቡ ተቀመጠች።

«አባባ፣ ከበሮው ቀርቶብኛል። አንተ ደግሞ አትቅርብኝ።»

ይዛ የመጣችውን ቆሎ በእጁ ላይ አደረገችለት። ያ መዳፍ ከዚያ ሐሙስ ወዲህ ቆሎ ይዞ አያውቅም። ቆረጠመ። ገብስ ገብስ አለው። ከብዙ ጊዜ በኋላ ገብስ ገብስ አለው፤ አለቀሰ። አሁንም ግን የነጋዴው በቅሎ ቃጭል ሲሰማ ምሰሶውን ይይዛል። ምናልባት እስኪሞት ይይዘው ይሆናል።

ንጉሡ ሁለተኛ ልጁን ሲድር ጉም ወረደ፤ አዲሱ መቺ ክንዱ ዛለ። አዛዥ ድንበሩ ከወገቡ ከረጢቱን ፈታ።

ይህን የሰማ ዕለት ስንሻው ኀፍረቱን እንደተከናነበ ወደ ግቢው መንገድ ወጣ። አዛዡ በበቅሎ ሲመጣ የጋቢውን ጫፍ ዘርግቶ መንገዱ መካከል ቆመ። «በሕግ አምላክ!» አለ። በዚያ አገር ይህ ከተባለ ንጉሥም ቢሆን ይቆማል። አዛዡ አልቆመም። በቅሎዋን በጎኑ ነድቶ አለፈ። ስንሻውም በየሐሙሱ እዚያው ይቆማል፤ እጁ ተዘርግቷል፤ የጋቢው ጫፍ ነፋስ ይመታዋል።

እናንተ ይህን የምታነቡ፣ ትምህርቱ ይህ ነው። ሱስ መጀመሪያ ጉልበት መስሎ ይገባል። ከዚያ የአእምሮን የደስታ ከበሮ ያቃጥላል፤ እንጀራውም፣ ዝናቡም፣ ልጅም ሳይቀር ድምፅ አልባ ይሆናሉ። የሰው ፈቃድ የሚታመመው ከዚያ በኋላ ነው። ስለዚህ ሱሰኛውን «በቃ ተወው» ማለት የተቃጠለ ቆዳን «ዘምር» ብሎ እንደ መምታት ነው። ቆዳው ይድናል፤ ግን ጥላ ይፈልጋል፣ ጊዜ ይፈልጋል፣ አጠገቡ የሚቀመጥ ሰው ይፈልጋል። ደግሞም የወደቀ ሁሉ አልወደደም ማለት አይደለም። ከእናንተ መካከል ስንቱ ነው ሱሰኛን አይቶ አፍንጫውን የያዘ? ስንቱስ ነው ከረጢቱ ከማን ወገብ እንደተፈታ የጠየቀ?

የወደቀው ቆሟል፤ ጥፋቱንም በአደባባይ ተናግሯል፤ አፍሯልም። ያላፈረ አንድ ሰው ብቻ ቀርቷል። አንተ፣ «መድኃኒት ነው፣ ወንድ አይደለህም?» ብለህ በሰው መዳፍ ላይ ያፈሰስክ፣ ከዚያም ከሳሽ ሆነህ የመጣህ፣ በቅሎህን አቁም። የጋቢው ጫፍ ይኸው ተዘርግቷል። በሕግ አምላክ ብዬሃለሁ፤ ያዘውና መልስ!