ሁለት እንግዳ፣ አንድ ወንበር

ሰው ነገሩን ከሥሩ ሳያይ ለውል ሲጣደፍ በእኛ በእንጅባራ የሚጠቀስ አንድ አባባል አለ። ብዙ ሰው ከጥንት የወረደ ይመስለዋል። እኔ ግን የዛሬ አራት ዓመት ሐምሌ ላይ መጀመሪያ ሲነገር እዚያው ቆሜ ነበር፤ ሰበቡም የእኔው ልጅ ነው።

ልጄ ልየው የሥራ አመራር መምህር ነው። ስድስት ዓመት ቻይና ተምሮ፣ ሆላንድን ጨምሮበት፣ ዶክተር ተብሎ መጣ። የሚያጠናው የቻይናንና የፈረንጅን የንግድ ዘዴ ማስታረቅ ነው። ምን ማለት እንደሆነ ብጠይቀው፣ ፈረንጁ መድረሻውን ወስኖ መንገድ ይፈልጋል፣ ቻይናው መሬቱን አይቶ መድረሻውን ይወስናል፣ የእኔ ሥራ ሁለቱን በአንድ መኪና ማሳፈር ነው አለኝ። እኔ እናቱ ያሰብኩት መኪናው የሚገባበትን ገደል ነበር።

በዚያ ክረምት የቀርከሃ ቤት ዕቃ የሚሠሩት የከተማችን ማኅበር ሰዎች ከመጋቢት ጀምሮ ሥራ ፈተዋል። ትእዛዝ ካላገኙ መስከረም ላይ ሊበተኑ ወስነዋል። ልየው አብረው የሚነግዱ ሁለት ገዢዎች አመጣላቸው፤ ማሪከ የምትባል ሆላንዳዊትና ሚስተር ሉ የሚባል ቻይናዊ። አስተርጓሚውም እሱው ነው። እኔ ምሳ እንድሠራ ተጠራሁ። ከጠዋት ጀምሮ ምግቡ ሆዳቸውን ሲያማቸው፣ ልጄም በአገሩ ሰው ፊት ሲያፍር ይታየኝ ነበር።

ማሪከ ገና ከመቀመጧ የወንበር ንድፍ ዘረጋች። አራት መቶ ወንበር በስንት ወር እንደሚደርስ ጠየቀች፤ ከምሳ በፊት እንፈራረም አለች። ሚስተር ሉ ግን ቁጥር ሲነሳ ወሬ ይለውጣል። ግቢ ወጥቶ የተደረደረውን ጥቂት ቀርከሃ እያገላበጠ፣ የት እንደሚበቅልና ማን እንደሚቆርጠው ብቻ ይጠይቃል። የማኅበሩ ሊቀመንበር አቶ ስንሻው እንግዳን እምቢ ማለት ነውር ሆነበት። እሷን በሁለት ወር እናደርሳለን አላት። ግቢ ወጥቶ ደግሞ እሱን፣ እኛ ቀርከሃው ሲበስል ነው የምንቆርጠው፣ አንቸኩልም አለው። ከዚያ ተመልሶ ሜትሩን አወጣና ናሙና ይሆናል ያለውን ወንበር ከንድፉ ጋር እያስተያየ ይለካ ጀመር።

ሁለቱንም የተረጎመው ልየው ፊቱ ሲለዋወጥ አየሁ። እውነቱን ቢናገር አባቱን የሚያህል ሰው ማዋረድ ነው፤ ዝም ቢል የማይሆን ነገር ማስፈረም ነው። በቃ፣ ተበላሸ ብዬ ወጡን ከእሳት አወረድኩ።

«ጋሼ ስንሻው፣» አለ ልጄ ረጋ ብሎ፣ «ከመፈረማችን በፊት እንግዶቹን ቀርከሃው ጫካ ድረስ እንውሰዳቸው።»

«በዚህ ጭቃ? ፈረንጂቷ ብትወድቅብንስ?»

«ትነሳለቻ።»

እኔም ድስቴን ከድኜ ተከተልኳቸው። ጫካው ውስጥ ዕድሜያቸውን ሁሉ ቀርከሃ ሲቆርጡ የኖሩትን አያ ዘውዱን አገኘናቸው። የገጀራቸውን ጀርባ አዙረው አንዱን ቀርከሃ አንኳኩ፤ ድምፁ ታፈነ፣ ይህ ገና ነው አሉ። ሌላውን መቱ፤ ጥርት ብሎ ጮኸ፣ ይህ በስሏል አሉ። ያልበሰለውን፣ የበሰለውንም ቢሆን በክረምት የተቆረጠውን፣ ዓመት ሳይሞላው ነቀዝ ዱቄት ያደርገዋል፣ የተቀመጠበትም ሰው ራሱን መሬት ላይ ነው የሚያገኘው አሉ። አቶ ስንሻው ጫማው ላይ የተለጠፈውን ጭቃ ማየት ያዘ።

ማሪከ ታዲያ መቼ እንደሚቆረጥ ጠየቀች። ከኅዳር ጀምሮ መሆኑን ስትሰማ ደብተሯን አወጣች። ለእሷ ዋናው ቀኑ መታወቁ ነው እንጂ መቅረቡ አይደለም፣ እንግዲያው የካቲት ይጻፍ አለች። ሚስተር ሉም ገጀራውን ተቀብሎ አንዱን ቀርከሃ ራሱ መታ፣ ጆሮውን አስጠግቶ ሰማና ሳቀ። አሁን ቁጥሩን እንነጋገር አለ። እዚያው ጭቃው ውስጥ ቆመው ተስማሙ፤ መቶ ስልሳው በየካቲት፣ የቀረው በግንቦት። ማኅበሩም ከመበተን ዳነ። ምሳዬም በኋላ ማንንም አላመመም፤ ሚስተር ሉ እንዲያውም ሁለት ጊዜ አስጨመረ።

ወደ ምሳው ስንመለስ በመንገድ ላይ አቶ ስንሻው ልጄን ወቀሰው፤ ይህን እዚያው ቤት ውስጥ ለምን አልነገርከኝም አለው። ልየው አንገቱን ደፍቶ፣ ከእኔ ከሚሰሙት ከአያ ዘውዱ ቢሰሙት ይሻላል ብዬ ነው ብሎ መለሰ። ሊቀመንበሩ ለካስ ያን ሁሉ መንገድ ሜትሩን በእጁ እንደጨበጠ ነው። አብረውን የመጡት አያ ዘውዱ አዩትና ትከሻውን መታ መታ አደረጉት።

«ስንሻው፣ ሜትርህን ኪስህ ክተት፤ ቀርከሃ ሳያንኳኩ፣ ወንበር አይለኩ።»