ከመኪናው ሥር ዝም ያለው ሰው

ምእመናን፣ ዛሬ የምነግራችሁ ታሪክ ደስ አያሰኝም። ደስ እንዲላችሁም ብዬ አይደለም የምነግራችሁ።

አንድ ሰው ነበረ፤ ኮምቦልቻ የሚኖር። አንዲት አሮጌ የቤት መኪና ነበረችው። አንድ ሰሞን ይህች መኪና ኮረኮንች በረገጠች ቁጥር ከፊት እግሯ በኩል ኳ፣ ኳ ማለት ጀመረች። መሪውም እጁ ላይ ይንቀጠቀጣል። ሚስቱ ብዙነሽ አጠገቡ ተቀምጣ ትሰማለች።

«ለምን ለደመላሽ አታሳየውም?» አለችው።

ደመላሽ ማነው? ታናሽ ወንድሙ ነው። መካኒክ ነው። በከተማው የመኪናው የፊት እግር የተበላሸበት ሁሉ የሚሄደው ወደ እሱ ጋራዥ ነው። ጋራዡም ከሰውዬው ቤት ብዙ አይርቅም። ታዲያ ምን ከለከለው?

ወንድማማቾቹ አይነጋገሩም ነበር። በአባታቸው ተዝካር ቀን፣ እንግዳው ሁሉ በተቀመጠበት፣ ደመላሽ «አባታችን አልጋ ላይ ሲማቅቅ አንተ የት ነበርክ?» ብሎት ነበር። እውነት ይሁን ሐሰት እኔ አላውቅም። ከዚያች ቀን ወዲህ ግን ታላቅየው የወንድሙን ደጅ አልረገጠም። ፋሲካ መጣ፣ ሄደ። የደመላሽ ልጅ ክርስትና ተነሣች፤ ብዙነሽ ብቻዋን ሄደች።

«ከእሱ ደጅ ከምቆም በእግሬ ብሄድ ይሻለኛል» አላት።

«እንግዲያው ሌላ ጋራዥ ውሰዳት።»

«ሌላውስ ‹ወንድምህ እያለ እኔ ጋ ምን አመጣህ?› ሊለኝ አይደል? ተዪኝ፣ ራሴ እሠራታለሁ።»

በገዛ እጅ መሥራት ኃጢአት ነው ወይ? አይደለም። የሚችል ይሥራ። ይህ ሰው ግን በገዛ እጁ ለመሥራት የወሰነው ሥራውን ስለሚችል ነው? ወንድሙን መቻል ስላቃተው እንጂ!

ቅዳሜ ጠዋት ከጎረቤት ክሪክ ተዋሰ። መኪናዋን አነሣ፤ ጎማውን ፈታ። የፊቱን ጎማ ከመሪው ጋር የሚያያይዘውን፣ መካኒኮች ቴስቲና የሚሉትን ዕቃ አዲስ ገዝቷል። አሮጌውን ለማውጣት ሲታገል የእጁ ቆዳ ተላጠ። ግን ወጣለት። አዲሱን አስገባ፤ የሚያስረውን ዳዶ አጠበቀ። ዳዶው እንዳይላቀቅ የሚቆልፈው ሽቦ ግን ሲፈታ ተሰብሮበት ነበር። ሌላ አልፈለገም። «አጥብቄዋለሁ፤ የት ይሄዳል?» አለ።

ገና ከመኪናዋ ሥር ተጋድሞ ሳለ የግቢው በር ተንኳኳ። ብዙነሽ ከፈተች። እሱ ከተኛበት የሚታየው ጫማ ብቻ ነው፤ ዘይት የጠጣ የመካኒክ ጫማ።

«ወንድም ጋሼ» አለ ደመላሽ፤ «ዕቃ መሸጫው ጋ ነገሩኝ። እስኪ አንዴ ልየው።»

ሰውዬው ዝም አለ።

«ሌላ ነገር አላነሣም። አይቼው እሄዳለሁ።»

ብዙነሽ ጎንበስ ብላ «ባክህ፣ መልስለት እንጂ» አለችው። ፊቱን ወደ ማዶ አዞረ። ጫማዎቹ ተመለሱ፤ በሩም ተዘጋ።

መኪናዋ ከዚያ ወዲህ አላንኳኳችም። መሪውም ጸጥ አለለት። «አየሽ?» አላት ሚስቱን።

ትንሽ ቆይቶ ደሴ ያለችው የብዙነሽ እህት ወለደች። ባልና ሚስት አራሷን ሊጠይቁ ሄዱ። ሲመለሱ፣ የሐረጎን ጠመዝማዛ ቁልቁለት እየወረዱ ሳለ መሪው አልታዘዝ አለ። ዳዶው ተፈትቶ ወድቆ ነበር። ጎማው ወደ ጎን ተጠመዘዘ፤ መኪናዋም ከገደሉ አለት ጋር ተላተመች። በብዙነሽ በኩል።

ሆስፒታል አልደረሰችም።

ለቅሶው ላይ ድንኳኑን የተከለው ደመላሽ ነው። ከዚያ መጥቶ ከወንድሙ ጎን ተቀመጠና «ጥፋቱ የእኔ ነው» አለው። «ዝም ብትለኝም ገብቼ ማየት ነበረብኝ። እኔም ኩራት ይዞኝ ተመለስኩ።» ታላቅየው በደመላሽ ትከሻ ላይ ተደፍቶ አለቀሰ።

ያዩ ሰዎች «ታረቁ፤ ተመስገን» አሉ።

ምን ዓይነት እርቅ ነው ይሄ? ያቺ ሴት ይህን እርቅ ስንት ጊዜ ለመነች? ለእርቅ ስትል አይደለም ወይ ክርስትናው ላይ ብቻዋን የተገኘችው? እርቁ በመጣ ጊዜ እሷ አፈር ውስጥ ነበረች። ዛሬ ወንድማማቾቹ ይጠያየቃሉ። ግን አንዱ ሌላውን ባየ ቁጥር የሚያየው እሷን ነው።

አሁን «እግዚአብሔር አጽናናው» ብዬ እንድጨርስ የምትጠብቁ አላችሁ። ሄጄ አይቼዋለሁ። አልተጽናናም። የማጽናኛ ቃል ይዤ ሄጄ፣ ሳልናገረው ተመለስኩ። «እግዚአብሔር ይቅር ይልሃል» ብለው፣ «እሱስ ይበለኝ፤ እሷን ግን ማን ይመልስልኛል?» ቢለኝ ምን እመልሳለሁ?

እናንተስ? እናቱን ያኮረፈ እዚህ የለም? ከእህቷ ጋር በአንድ መንገድ ላለማለፍ ዙሪያ የምትሄድ የለችም? «ማንም አያስፈልገኝም፣ ራሴ እወጣዋለሁ» የምትሉ፣ ጉብዝና ነው ወይስ ቂም? ለቂማችሁ የምትከፍሉት እናንተ ብቻ ብትሆኑ ባልተናገርኩ። ግን በእናንተና በባላጋራችሁ መካከል የተቀመጠ ሰው አለ። ምንም ያላጠፋ ሰው። ልጅ ሊሆን ይችላል፤ ሚስት ልትሆን ትችላለች። አደጋው የሚደርሰው እሱ ላይ ነው።

«ለፍልሰታ እንታረቃለን» አትበሉኝ። ሽማግሌ እስኪላክባችሁም አትጠብቁ።

የምትሄዱበትን ቤት እኔ አልነግራችሁም፤ ታውቁታላችሁ። ዛሬ በሩን የሚከፍት ሰው አለ። ነገ ይኑር አይኑር ግን እኔ ልነግራችሁ አልችልም።