መዲና ያማራት ነፋስ

ተረቴ መጣች በመኪና፤
ቦታ ልቀቁላት ትቀመጥና።

ደሴ ላይ፣ ጉም ከጦሳ ተራራ ወርዶ ሰፈሩን ሁሉ በሚያለብስበት ወራት፣ መዲና የምትባል ነፍሰ ጡር ነበረች። ነፍሰ ጡር መቼም ያምራታል። አንዷን ጥሬ ሥጋ ያምራታል፣ አንዷን አፈር ያምራታል። መዲናን ያማራት ነፋስ ነው። ባሏን ይመርን ጠርታ፣ «ከሐረጎ ቁልቁለት በታች ያለው የኮምቦልቻ ሙቅ ነፋስ አንዴ ፊቴን ቢነካኝ» አለችው። «እሱ እስኪነካኝ እህል አይወርድልኝም።» እውነትም አልወርድ አላት። ከሳች። እጇ ላይ ጥብቅ ብሎ የኖረው የብር አምባር መዞር ጀመረ።

ይመር ቀይ መኪና ነበረችው፤ ለሩጫ የተሠራች፣ ዝቅ ያለች፣ ትንሽም ኩሩ። «ተነሺ፣ ሐረጎን እንውረድ» አላት። መኪናዋ፣ «አልወርድም» አለች። «ጎማዎቼን እያቸው፤ የተላጠ እንቁላል መስለዋል። በዚያ ጠመዝማዛ እኔስ ልንከባለል፣ መዲና ምን ትሁን?» መዲና አልበላም አለች፣ መኪናዋ አልወርድም አለች።

ይመር ጎሚስታው ሸጋው ዘንድ ሄደ። ግድግዳ ተደግፈው ከቆሙት ጎማዎች ወፍራሙ ቀድሞ ተናገረ። «እኔን ውሰደኝ። እኔ አላልቅም። ገና ያልተወለደው ልጅህ ሳይቀር ይነዳብኛል።»

«መንገድ ትይዛለህ?» አለው ይመር።

«መያዝ ደግሞ ምንድን ነው?» አለ ወፍራሙ ጎማ።

ከጎኑ የነበረው ለስላሳ ጎማ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «እኔ እይዛለሁ፤ እየያዝኩ ግን አልቃለሁ» አለ። የይመር ልብ ወደማያልቀው ሄደ። የማያልቅ ነገር የማይወድ ማን አለ? እኔም ብሆን እሱን ነበር የማነሳው። ሸጋው ግን፣ «ምን ልትጭንባት ነው፣ ሲሚንቶ?» አለው። «አይ፣ መዲናን» አለ ይመር። «እንግዲያ ምን ታመነታለህ?» አለው ሸጋው። ይመር ለስላሳዎቹን አራቱንም አስገጠመ።

አዲሱ ጎማ አስፋልቱን ነካ አድርጎ፣ «አልይዝም» አለ። «መንገዱ ቀዝቃዛ ነው፤ እኔ ሲሞቀኝ ነው የምይዘው።» ምን ይደረግ? መዲና አልበላም አለች፣ መኪናዋ አልወርድም አለች፣ ጎማው አልይዝም አለ። ይመር ጎንበስ ብሎ መንገዱን፣ «እባክህ ሙቅ» አለው። መንገዱ በእንቅልፍ ልቡ ነበር። «አልሞቅም» አለ። «ፀሐይ ሳታየኝ በምን ልሙቅ?»

ይመር ወደ ሰማይ አንጋጠጠ። ከነጭ በቀር የሚታይ ነገር የለም። «ፀሐይ ሆይ፣ መዲና አልበላም አለች፣ መኪናዋ አልወርድም አለች፣ ጎማው አልይዝም አለ፣ መንገዱ አልሞቅም አለ። እባክሽ መንገዱን እይው።» ፀሐይ ከወዲያ ማዶ፣ «አላይም» አለች። «ጉሙ ጋርዶኝ የቱን ልይ? አንተንስ ቢሆን ማን እንደሆንክ መቼ አወቅሁ?»

ይመር ጉሙ ውስጥ ገባ። እግሩ ሲረግጥ አይሰማም፤ ቤቱም ዛፉም ቀለም የለውም። «ጉም ሆይ፣ መዲና አልበላም አለች፣ መኪናዋ አልወርድም አለች፣ ጎማው አልይዝም አለ፣ መንገዱ አልሞቅም አለ፣ ፀሐይ አላይም አለች። እባክህ ተነሳ።» ጉሙ ጆሮው ሥር፣ «አልነሳም» አለ። «እኔ እግር የለኝም፤ ነፋስ ነው የሚያነሳኝ።»

ይመር ሐረጎ አፋፍ ላይ ቆሞ ቁልቁል ተጣራ። ነፋሱ ታች፣ ሞቃቱ ሜዳ ላይ ተጋድሞ ነበር። «ነፋስ ሆይ፣ መዲና አልበላም አለች፣ መኪናዋ አልወርድም አለች፣ ጎማው አልይዝም አለ፣ መንገዱ አልሞቅም አለ፣ ፀሐይ አላይም አለች፣ ጉሙ አልነሳም አለ። እባክህ ንፈስ።»

«አልነፍስም» አለ ነፋሱ፣ ተቀይሞ። «ደሴ ወጥቼ የት ልግባ? ሰው ሁሉ መስኮቱን በፊቴ ይዘጋል። አንገቱን ቢይዘው ነፋስ መታኝ፣ ወገቡን ቢያመው ነፋስ መታኝ ይላል። ማንን መታሁ? እናትህ የመዲናን መስኮት ይክፈቱልኝ፣ ያኔ እነሳለሁ።»

እዚህ ላይ ነፋሱ ልክ ነው። እኛ ሚኒባስ ውስጥ ላባችን እየወረደ አንዲት መስኮት የከፈተውን ሰው በዓይናችን የምንበላ ነን።

ይመር ቤቱ ተመለሰ። እናቱ እትየ ዘምዘም የመዲናን መስኮት ዘግተው፣ ስንጥቁን በጨርቅ ወትፈው፣ ከሥሩ ተቀምጠው ነበር። «እማየ፣» አላቸው፣ «መዲና አልበላም አለች፣ መኪናዋ አልወርድም አለች፣ ጎማው አልይዝም አለ፣ መንገዱ አልሞቅም አለ፣ ፀሐይ አላይም አለች፣ ጉሙ አልነሳም አለ፣ ነፋሱ አልነፍስም አለ። እባክሽ መስኮቱን ክፈችው።»

«አልከፍትም» አሉ እትየ ዘምዘም። «የአንተን ታላቅ ማን ወሰደብኝ? በመስኮት የገባ ነፋስ ነው። የከፈትኩትም እኔ ነኝ። ይችን አልሰጠውም።»

ይመር ታላቅ እንደነበረው እንጂ ይህን አያውቅም ነበር። መዲና አልበላም አለች፣ መኪናዋ አልወርድም አለች፣ ጎማው አልይዝም አለ፣ መንገዱ አልሞቅም አለ፣ ፀሐይ አላይም አለች፣ ጉሙ አልነሳም አለ፣ ነፋሱ አልነፍስም አለ፣ እትየ ዘምዘም አልከፍትም አሉ። ከዚያ ወዲያ የሚለመን የለም።

ይኼኔ የመዲና አምባር ከእጇ ወለቀ። ተንከባሎ እትየ ዘምዘም እግር ሥር ቆመ። አነሱት፤ የመዲናን እጅ ይዘው መልሰው አጠለቁላት። አምባሩ ተመልሶ ወደቀ።

እትየ ዘምዘም እጇን እንደያዙ፣ «ብከፍትልሽ ትበያለሽ?» አሏት።

«እበላለሁ፣ እማየ።»

እየፈሩ ጨርቁን ነቅለው መስኮቱን ከፈቱት።

መስኮቱ ሲከፈት ነፋሱ ነፈሰ። ነፋሱ ሲነፍስ ጉሙ ተነሳ። ጉሙ ሲነሳ ፀሐይ አየች። ፀሐይ ስታይ መንገዱ ሞቀ። ነፋሱ ያን ሁሉ ዳገት ወጥቶ መዲና ዘንድ ሲደርስ ግን በርዶ ነበር። ጉንጯን ነካ አድርጎ፣ «ሙቀቴ ታች ቀርቷል፤ ተከተይኝ» አላት።

መዲና መኪናዋ ውስጥ ከፊት ገባች። እትየ ዘምዘም፣ «ብቻዋንማ አልለቃትም» ብለው፣ አገልግላቸውን ታቅፈው፣ ጋቢያቸውን እስከ አፍንጫ ተከናንበው፣ ጠባቡ የኋላ ወንበር ላይ ተሸጎጡ። መንገዱ ሞቋልና ጎማው ያዘ፤ ጎማው ይዟልና መኪናዋ ወረደች። ጎማው በየጠመዝማዛው ትንሽ ያልቃል፣ ትንሽ ይይዛል። መኪናዋ ስትታጠፍ ተራራው ቀስ ብሎ አብሯት ይታጠፋል፣ ሰማዩም ይከተላል። የመዲና ሆድ ውስጥ ያለው ልጅ ተገላበጠ።

ከመጨረሻው ጠመዝማዛ በኋላ ሙቁ ነፋስ ገባ። የመዲናን ግንባር፣ ዓይኗን፣ አገጯን ነካ። ዓይኗን ጨፍና ብዙ ቆየችና፣ «ራበኝ» አለች።

እትየ ዘምዘም አገልግሉን ፈቱ። መዲና በላች፤ እስኪበቃት በላች። እሳቸው ሲያዩዋት ቆዩ። ከዚያ ጋቢያቸውን ከፊታቸው ገለጥ አድርገው፣ «ይመር፣ እስቲ የኔንም በኩል ክፈተው» አሉ።

ይመር ከፈተላቸው። ነፋሱ ገብቶ የተጨማደደ ጉንጫቸውን ነካ። ልጃቸውን ካጡ ወዲህ መስኮት ሲዘጉበት ኖረው፣ ያን ቀን ፊት ለፊት አገኙት።

«ሙቅ ነህ ለካ» አሉት።

ተረቴ ወረደች ከመኪና፤
ቤቷ ትግባ ደክሟታልና።