«መጣች» እና «መታች»

አንድ ነጋዴ ወንድ ልጅ ተወለደለት። ደስታው ልክ አልነበረውም፤ ትዕቢቱ ግን ከደስታው ባሰ። ሞግዚቷን ይርገዱን ጠርቶ፣ «ልጄ ፊት አማርኛ እንዳትተነፍሺ!» አላት። «የሚለምደው የፈረንጅ አፍ ነው። አንቺ እጠቢው፣ አብዪው፣ አስተኚው፤ ሌላውን ቴሌቪዥኑ ይጨርሰዋል።»

የእንጀራ ነገር ሆኖባት ይርገዱ አፏን ዘጋች። ሕፃኑ ገላውን ስታጥበው አፍ አፏን ያያል፤ አንድ ነገር እንድትለው ይጠብቃል። እሷ ግን እሹሩሩ ማለት እንኳን ስለተከለከለች ፈገግ ብላለት ዝም ትላለች። አባትና እናት ጧት ወጥተው ሲመሻሽ ይገባሉ፤ ሲገቡም በተሰባበረ የፈረንጅ አፍ ያናግሩታል። እንዲህ ያለውን ጅልነት ምቀኛ እንኳ በጠላቱ ልጅ ላይ አያደርገውም።

ልጁ አራት ዓመት ሲሞላው ከጎረቤት ልጆች አማርኛ ለቃቀመ። አንድ ቀን ይርገዱ ዘመድ ጠይቃ ስትመለስ ሲያያት በናፍቆት ወደ በሩ ሲሮጥ ወድቆ ጉልበቱ ተላጠ። ቢሆንም ተነስቶ፣ «ይርገዱ መታች! ይርገዱ መታች!» እያለ ጮኸ።

አባትየው ከቤት ወጥቶ ደሙን አየ። ክንዷን ጨምድዶ ያዘና ፖሊስ ጥሩልኝ እያለ ሰፈሩን አተራመሰው።

«ኧረ ጋሼ፣ መጣች ማለቱ ነው!»

«ልጄ ዋሽቷል ልትዪኝ ነው?»

ልጅ ደብዳቢ የሚል ስም የወጣላትን ሞግዚት ማን ደግሞ ያስጠጋታል? ይርገዱ ይህን አሰበች።

ከተሰበሰበው ሰው መሀል የቤቱን ደንብ የሚያውቁ አንድ አዛውንት ጎረቤት ልጁን አቅርበው፣ «ማሙሽ፣ እኔ ‹መጣ› ስል አጨብጭብ፤ ‹መታ› ስል ዝም በል» አሉት። መጣ አሉ፤ አጨበጨበ። መታ አሉ፤ አሁንም አጨበጨበ። ደጋግመው ሞከሩት።

«አባባ፣ አንድ ዓይነት ነው እኮ!» አለ ልጁ ግራ ገብቶት።

አዛውንቱ ወደ አባትየው ዞረው ተቆጡ። «ልጅህ አልዋሸም፤ እሷም አልመታችም። ሕፃን ሲወለድ ጆሮው ለሰው ቋንቋ ሁሉ ክፍት ነው። ዓመት ሳይሞላው ግን ደጋግሞ የሚሰማውን ድምፅ እየለየ፣ የማይሰማውን እየተወ ይሄዳል፤ የፈረንጅ አፍ ደግሞ ‹ጠ› የለውም። የሚማረው ደግሞ አቅፎ ከሚያጫውተው ሰው አፍ ነው። አንተ ያን አፍ ዘጋህበት!»

«ታዲያ አሁን ምን ይሻላል?»

«ያኔ ገላውን እየታጠበ ሊያገኘው ይችል የነበረውን አሁን በስንት ልፋት ይማረዋል። መጀመሪያ ግን ክንዷን ልቀቅ!»

ለቀቃት። ይቅርታ ሊላት ሲል፣ «አራት ዓመት ዝም ያልኩት ይበቃኛል» ብላ ልብሷን ሰብስባ ወጣች። ልጁ ከኋላዋ እየጠራት ተንሰቀሰቀ። አባትየው አቀፈው፤ ግን በዚያ በተሰባበረ የፈረንጅ አፉ ልጁን የሚያባብልበት አንድ ቃል አጣ።

ወገኖቼ፣ ለልጅ የሌላ አገር ቋንቋ ማስተማር ነውር የለውም። የራሱን መንፈግ ግን ዝርፊያ ነው፤ ያውም አቤት ማለት በማይችል ሕፃን ላይ። ለመሆኑ ዛሬ እናንተ ቤት ሕፃኑን የሚያናግረው ማን ነው?