በቀዩ ውሃ ውስጥ የቀረው

አንድ ንጉሥ የእናታቸው የፕላቲነም ዘውድ ተሰነጠቀባቸውና ሁለት አንጥረኞች አስጠሩ። “አጥርታችሁ እንደገና ሥሩልኝ” አሏቸው። “ክብደቱ ከጎደለ ግን የሰረቀው ሰው ቀኝ እጁ ይቆረጣል!” አንጥረኞቹ ቀጸላና አስረስ ይባላሉ፤ ከልጅነት ጀምሮ በአንድ ምድጃ የኖሩ፣ ከአንድ መሶብ የበሉ ባልንጀሮች ናቸው። ንጉሡ የዛቱት ሁሉ እንደሚፈጸም ያገሩ ሰው ያውቃልና ሁለቱም እጃቸውን እያሻሹ ወጡ።

ፕላቲነም ግትር ነው፤ ተራ እሳት አይበግረውም። ስለዚህ በኃይለኛ አሲድ ያሟሙታል። ዘውዱም ሟሙቶ ቀይ ውሃ ሆነ። ከዚያ የሙያውን ጨው ሲነሰንሱበት ፕላቲነሙ ቢጫ ዱቄት ሆኖ ዘቀጠ፤ ዱቄቱን አጣርተው በእሳት ሲያቃጥሉት ተመልሶ ብረት ሆነ። የተረፈውን ውሃ ቆሻሻ ነው ብለው መድፋት የሙያው ልማድ ነው። ብረቱን በሚዛን ቢያስቀምጡት ግን፣ ወይ ጉድ! ሩቡ የለም።

ያን ጊዜ የንጉሡ አጋፋሪ ከወታደሮቹ ጋር በር ላይ ቆሞ ነበር። “የጎደለውን ማን ወሰደው?” ብሎ ቀጸላ ላይ አፈጠጠበት። ቀጸላ ቀኝ እጁን ወደ ኋላው ደበቀና “አስረስ ነው” አለ። ምላስ አጥንት የላትም፣ አጥንት ግን ትሰብራለች። አስረስ ዞር ብሎ አየው፤ ወታደሮቹም ይዘውት ሄዱ።

ቀጸላ ብቻውን ቀረ። “እፎይ፣ ተረፍኩ” ቢልም ልቡ አልረጋ አለው። እጁን ሥራ ለማስያዝ የተረፈውን ውሃ ሊደፋ ጠርሙሱን አነሳ። ውሃው አሁንም ቀይ ነው። ፕላቲነሙ ከወጣለት ምን አቀላው? የብረት ቁራጭ ቢነክርበት ጥቁር ዱቄት ብረቱን እያለበሰ ወደ ታች ይረግፍ ጀመር፤ ቅላቱም እየሸሸ ሄደ። ለካ በዘውዱ ውስጥ ፓላዲየም የሚሉት የፕላቲነም ዘመድ ኖሯል! እሱ ደግሞ ያ ጨው ሲነሰነስበት አይዘቅጥም፤ ውሃው ውስጥ ይቀራል። ማንም አልሰረቀም።

ደስ ሊለው ሲገባ፣ ላብ አጠመቀው። ባገሩ ሕግ በሐሰት የከሰሰ ሰው በተከሳሹ ላይ የተፈረደው ቅጣት ለራሱ ይሆናል። “ድፋው!” አለው ፍርሃቱ። “ማን ያይሃል? ድፋው!” ነፍስ አይደለች፣ ትፈራለች፤ ጠርሙሱን ይዞ እስከ ጓሮ ድረስ ሄደ። ሊደፋውም አዘነበለው። ያን ጊዜ ከአደባባዩ ነጋሪት ተመታ፤ ቅጣት ሊፈጸም ነው ማለት ነው። አስረስ በዚያ እጁ ልጆቹን እንደሚያበላ አሰበና ጠርሙሱን አቅፎ ሮጠ።

ሲደርስ የአስረስ እጅ ግንድ ላይ ታስሯል። “ጃንሆይ፣ ሌባ የለም! የጎደለው ይኸው!” ብሎ ጠርሙሱን ከንጉሡ ፊት አኖረና የሆነውን ሁሉ ተናገረ።

“ታዲያ አስረስ ነው ያለው ማነው?” አሉ ንጉሡ።

“እኔ ነኝ፣ ጃንሆይ” አለና የራሱን ቀኝ እጅ ግንዱ ላይ ዘረጋ።

ንጉሡ አስረስን አስፈቱና “ፍርዱ ያንተ ነው፤ ይቆረጥ?” ብለው ጠየቁት።

አስረስ ባልንጀራውን አየው። “እጁን ይተዉለት፣ ጃንሆይ። ቀድሞ የተጠየቀው እሱ ሆነ እንጂ፣ እኔን ጠይቀውኝ ቢሆን ኖሮ የሱን ስም እጠራ ነበር። በጣም ፈርቼ ነበር።”

ንጉሡ “ይሄስ ምን ይላል?” በሚል ዓይን ወደ መኳንንቱ ዞሩ። አንድም ቀና ብሎ ያያቸው የለም። አጋፋሪው ሳይቀር መሬት መሬቱን ያያል። እስከዚያ ቀን ሲያስፈሩ እንጂ ሲፈሩ ታይተው የማያውቁት ንጉሥ ያን ጊዜ ብርድ ብርድ አላቸው። “እስከ ዛሬ ስንት ንጹሕ እጅ አስቆርጬ ይሆን?” አሉ። የቀጸላንም እጅ ከግንዱ አስነሡ። እውነቱን ሊነግራቸው የሚችል ሁሉ ግን ይፈራቸው ነበር።

ወዳጄ፣ የጎደለ ሁሉ የተሰረቀ አይደለም። በፍርሃት የተጠየቀ ሰው ደግሞ የሚናገረው እውነቱን ሳይሆን የሚያስመልጠውን ነው። ቤትህ ውስጥ፣ መሥሪያ ቤትህ ውስጥ አንተን የሚፈራ ሰው ካለ፣ እስከ ዛሬ እውነት ብለህ ከሱ የሰማኸው ስንቱ እውነት ነበር?